ዘፋኙ ዝም ሲል

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ፣ በ1998 ዓ.ም. ተመራቂዎች ሃያኛ ዓመት ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ስለፈለግሽው ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ደም ግፊት ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ስላይዱም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ግን ስለ ደም ግፊት የሚነግራችሁ ሰው አታጡም፤ ግማሻችሁም ዛሬ ጠዋት ኪኒናውን ውጣችሁ ነው የመጣችሁት። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ አንድ የአሜሪካ የሮክ ባንድ ነው። ከፊት ወንበር የተቀመጡ መምህሮቼ ሲተያዩ ይታየኛል። ትንሽ ታገሡኝ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዋርድ እመልሳችኋለሁ።

ባንዱ ዘ ናሽናል ይባላል። ሙዚቃው ኢንዲ ሮክ ከሚባለው ወገን ነው፤ ኢንዲ ማለት ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ፣ በራስ አቅምና በትንንሽ አሳታሚዎች የሚሠራ ማለት ነው። ዘፈኖቻቸው ስለ ሐዘን፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ትዳር፣ እንቅልፍ ስለማጣት ናቸው። ድምፃዊው ማት በርኒንገር ወፍራም ድምፅ አለው፤ አንዳንዴ ይዘፍናል ከማለት ያንጎራጉራል ማለት ይቀላል። ልጆቼ መኪና ውስጥ ስከፍተው «የእማዬ ለቅሶ ቤት ተከፈተ» ይላሉ። ነገሩ ስድብ ነው፤ እኔ ግን ጥሩ ትንታኔ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

እንዴት አወቅኳቸው? ኢንተርን በነበርንበት በ1998 ዓ.ም. ነው። ከባቻችን አንዱ፣ ስሙን እንዳልጠራ ስለለመነኝ የማልጠራው ጓደኛችን፣ ኦሃዮ የምትኖር እኅቱ ሲዲ ትልክለት ነበር። አንድ ሌሊት አብረን ዱቲ ነበርን። ጊዜውን ታስታውሳላችሁ፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ ገና ዓመት ከምናምን ቢሆነው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዋርዳችን የሚደርሰው በጣም ዘግይቶ ነበር። በዚያ ሌሊት ሁለት ሰው ሞተብን። ለሁለቱም ቤተሰቦች የነገረው እሱ ነው፤ እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱቲ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ምንም አላወራንም። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለራሱ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠኝና «ስሚ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ እንደኛ ዱቲ ያደረ ነው የሚመስለው» አለኝ። ሳቅን። ያ አልበም በ2005 የወጣው አሊጌተር ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ ባንዱ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱም የሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ልጆች ናቸው። አሮንና ብራይስ ዴስነር መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጊታርና ፒያኖ ይጫወታሉ። ስኮት ዴቨንዶርፍ ቤዝ ጊታር፣ ወንድሙ ብራያን ከበሮ ይመታል። በርኒንገር ወንድሙን ይዞ አልገባም፤ ከስኮት ጋር የተገናኙት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግራፊክ ዲዛይን ሲማሩ ነው። እንግዲህ እነሱም በአንድ በኩል የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ናቸው ማለት ይቻላል። ኋላ ኒው ዮርክ ላይ ተሰባስበው በ1999 ባንዱን ብሩክሊን ውስጥ መሠረቱ። 1999 ማለት እኛ ፍራሻችንን ተሸክመን፣ ፍሬሽማን ሆነን በዚህ በር የገባንበት ዓመት ነው። ስለዚህ ዕድሜያቸውን መቁጠር አይከብደኝም፤ ከባቻችን እኩል ናቸው።

ሲጀምሩ ሁሉም ሌላ ሥራ ነበራቸው። ቀን ቢሮ ይውላሉ፣ ማታ ይለማመዳሉ። የመጀመሪያውን አልበም በ2001፣ ሁለተኛውን በ2003 ያወጡት መንትዮቹ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ባቋቋሙት ትንሽ አሳታሚ በኩል ነው። ብዙ ሰው አልሰማቸውም። ዛሬ እነዚያን ሁለት አልበሞች መለስ ብዬ ስሰማ የኢንተርን ኬዝ ሪፖርት ይመስሉኛል፤ የተማሩት ሁሉ አለበት፤ ከዚህም ከዚያም የተቀዳ አለበት፤ የራሳቸው የሆነው ድምፅ ግን ገና አልወጣም።

አሊጌተር ከወጣ በኋላ በ2005 ለጉዞ ሲወጡ አንድ ነገር ደረሰባቸው። ከእነሱ በፊት መድረኩን እንዲያሟሙቅላቸው ይዘውት የወጡት አዲስ ባንድ በዚያው ሰሞን በድንገት ታዋቂ ሆነ። ሰው የሚመጣው ያንን ባንድ ለማየት ሆነና፣ እሱ ጨርሶ ሲወርድ ብዙው ተመልካች አብሮ ይወጣል፤ ዋናው ባንድ ለተራረፈው ሰው ይጫወታል። እስቲ አስቡት፣ ድግሱ የአንተ ነው፣ እንግዳው ግን ጎረቤትህን አይቶ ነው የሚሄደው። ይሄን ታሪክ የምወደው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነገር ነው፤ ፋሽን የሆነውን ሙዚቃ አልቀዱም። በሚቀጥለው አልበም ጭራሽ ድምፃቸውን ቀነሱ።

አሊጌተር ላይ በርኒንገር ይጮኻል። ኤብል እና ሚስተር ኖቬምበር የሚባሉት ሁለት ዘፈኖች ላይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነው የሚጮኸው። መድረክ ላይም እስከ ዛሬ ረጅም የማይክ ገመድ እየጎተተ ሕዝቡ መሀል ይገባል። የዚያን ጊዜ ሐዘናቸው የሃያዎቹ ዕድሜ ሐዘን ነው፤ ካልጮኸ ያለ አይመስለውም። እኛም እንደዚያው አልነበርንም? የመጀመሪያው በሽተኛ የሞተብን ቀን ያላለቀሰ፣ ካፌ ገብቶ ጠረጴዛ ያልደበደበ ማን አለ?

በ2007 ቦክሰር የሚባለው አልበም ወጣ። ጓደኛዬ በባዶ ሲዲ ገልብጦ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ እኔ ወደምሠራበት የወረዳ ሆስፒታል ላከልኝ። በዚህ አልበም ውስጥ ጩኸት የለም። ጩኸቱ የት ሄደ ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ከበሮው ውስጥ ነው። ድምፃዊው ረጋ ብሎ፣ ለጎኑ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ያንጎራጉራል፤ ብራያን ዴቨንዶርፍ ደግሞ ከሥሩ ልብ ሲደነግጥ እንደሚመታው ይመታል። ፊቱ የተረጋጋ፣ የልብ ምቱ ግን መቶ ሠላሳ የሆነ በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ቦክሰር ማለት እሱ ነው።

የአልበሙ መክፈቻ ፌክ ኢምፓየር ይባላል። ፒያኖው ላይ አራት ምትና ሦስት ምት በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ይሄዳሉ። ፈረንጆቹ ሃያስያን በዚህ ሲደነቁ እኔ ብዙም አልተደነቅሁም። በእኛ ችክችካ ውስጥ ሁለትና ሦስት አብረው ሲመቱ ሰምተን ነው ያደግነው፤ ሰርግ ቤት እጃችን አንዱን ያጨበጭባል፣ ትከሻችን ሌላውን ይቆጥራል። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከበሮው እስከ ዘፈኑ አጋማሽ ድረስ አይገባም። ይጠብቃል። ሲገባም እየፈጠነ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጥሩምባዎቹ ይከተላሉ። አንድም ቃል ሳይጨመር፣ ደክሞት ተኝቶ የነበረ ዘፈን ቆሞ ይሄዳል። በ2008 የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ የዚህን ዘፈን ሙዚቃ በቪዲዮ ተጠቅሞበታል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ምክንያት ብራይስ ነው። እሱ በየል ዩኒቨርሲቲ ክላሲካል ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው። ለኦርኬስትራ የሚጽፍበትን እውቀት ወደ ሮክ ባንዱ ይዞት መጣ፤ ቫዮሊኑንም፣ ጥሩምባውንም። ሐዘኑን አንድ ሰው ብቻውን ከሚሸከመው ለብዙ መሣሪያ ማከፋፈል ተማሩ። ስለዚህ ባንድ እድገት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሪ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምለው፤ ከዓመት ዓመት ሐዘኑ አልቀነሰም፤ የተሸካሚው ቁጥር ግን ጨመረ።

ከሙዚቃው ውጭም እንደዚያው ነበር። በ2009 አሮንና ብራይስ ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት የሚል የብዙ ሙዚቀኞች ስብስብ አልበም አዘጋጁ፤ ገቢው ኤች አይ ቪን ለመከላከል ለሚሠራው ሬድ ሆት ለሚባለው ድርጅት ነበር። እኔ በዚያ ዓመት የኤች አይ ቪ ክትትል ክሊኒክ ውስጥ ነበርኩ። እነሱ እኔን አያውቁኝም፤ የእኔ በሽተኞችም እነሱን አያውቋቸውም። ግን በዚያ ዱቲ ክፍል የሰማሁት ድምፅ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው በሽታ መምጣቱ ትንሽ አጽናንቶኛል።

በ2010 ሃይ ቫዮሌት፣ በ2013 ትራብል ዊል ፋይንድ ሚ ወጡ። ሁለቱም በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ገቡ። ከአሥር ዓመት በላይ ከለፉ በኋላ ማለት ነው። ስለ ዝናው ብዙ አልልም። አሁን ወደ ልጆቼ «ለቅሶ ቤት» ልመለስ።

ሃይ ቫዮሌት ላይ ሶሮው፣ ማለትም ሐዘን፣ የሚባል ሦስት ደቂቃ ከምናምን የሚፈጅ ዘፈን አለ። በግንቦት 2013 ራግናር ኪያርታንሰን የሚባል የአይስላንድ ሠዓሊ ባንዱን ኒው ዮርክ ውስጥ ሞማ ፒኤስ1 በሚባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል መድረክ ላይ አወጣቸውና፣ ይህንኑ አንድ ዘፈን ለስድስት ሰዓት ደጋግመው እንዲጫወቱት አደረገ። ሌላ ዘፈን የለም። ሲያልቅ እንደገና ይጀምራሉ፤ ከመቶ ጊዜ በላይ። ሥራው ተቀርጾ በቪዲዮም ቀርቧል፤ ኋላ በዘጠኝ ሸክላ ታትሞ ሲወጣ ገቢው ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ ለተባለው የሕክምና ድርጅት ሆኗል።

ይህን ለአንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ ስነግረው «ይሄማ ቅጣት ነው» አለኝ። እኔ ግን ገና ስሰማ ነው የገባኝ፤ ምክንያቱም ይሄ የእኛ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ምን ይደረጋል? አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር «እንዴት ሆነ?» ይላል። ያዘነው ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራል፤ «ማክሰኞ ዕለት አመመኝ አለ፣ ሐኪም ቤት ወሰድነው…»። ጨረሰ። ሌላ ሰው ገባ። «እንዴት ሆነ?» አሁንም ከመጀመሪያው። በሦስት ቀን ውስጥ ያንን አንድ ታሪክ መቶ ጊዜ ይናገረዋል። የመጀመሪያው ቀን ሲናገር ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው፤ ታሪኩን ማዕበሉ እያንገላታው ሳይሆን እሱ ራሱ ይዞት ነው የሚናገረው። ሐዘኑ አላለቀም፤ መያዣ አገኘ። አያቶቻችን ይህን ያወቁት ሳይኮሎጂ ተምረው አይደለም። ባንዱ በስድስት ሰዓት የሞከረው እኛ በየሰፈሩ ድንኳን ጥለን የምናደርገውን ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለቅሶ ቤት የሚሠራው ጠያቂ ስላለ ነው። «እንዴት ሆነ?» የሚል ሰው ካልገባ ታሪኩ አይነገርም። ሐኪምን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። ለቤተሰቡ መርዶውን ነግረን፣ ዞር ብለን ወደሚቀጥለው አልጋ ነው የምንሄደው።

ወደ ባንዱ ልመለስ። በ2017 ስሊፕ ዌል ቢስት ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት በአማራጭ ሙዚቃ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ይህ አልበም አሮን ዴስነር ገጠር በሠራው ስቱዲዮ ውስጥ የተዘጋጀ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ድምፆች በብዛት ገብተውበታል። ግጥሞቹ በአብዛኛው ስለ ትዳር ናቸው፣ ሊፈርስ ስለሚችል ትዳር። የሚገርመው በርኒንገር እነዚህን ግጥሞች የጻፈው ከሚስቱ ከካሪን ቤሰር ጋር አብሮ ተቀምጦ ነው፤ እሷ ቀድሞ የታወቀ መጽሔት የልብ ወለድ አርታዒ ነበረች። ስለሚፈሩት ነገር ከሚፈሩለት ሰው ጋር ሆኖ መጻፍ ቀላል አይመስለኝም።

በ2019 ደግሞ አይ አም ኢዚ ቱ ፋይንድ መጣ። ማይክ ሚልስ የተባለው የፊልም ዳይሬክተር አብሯቸው ሠራ፤ ከአልበሙ ጋር አሊሺያ ቪካንደር የአንዲትን ሴት ሕይወት ከልደት እስከ ሞት የምትጫወትበት አጭር ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ። በዚህ አልበም ላይ ያ ወፍራም የወንድ ድምፅ ወደ ጎን ፈቀቅ ይልና ሴቶች ይገባሉ፤ ጌይል አን ዶርሲ፣ ሊሳ ሃኒገን፣ ሻሮን ቫን ኤተን፣ ሌሎችም፤ የብሩክሊን የወጣቶች መዘምራንም አሉ። አንዳንድ የጥንት አድማጮች አልወደዱትም፤ «የእኛ ሰውዬ የት ሄደ?» አሉ። እኔ ወድጄዋለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከአንድ ጯሂ ተነሥተው እዚህ ደረሱ።

ባንዱ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ዘፈኖቻቸው ይመሳሰላሉ የሚለው ነቀፋ እውነትነት አለው፤ አንዳንዱን አልበም ከዳር እስከ ዳር ሰምቼ የትኛው ዘፈን የት እንደነበር ጠፍቶኝ ያውቃል። «ያዘኑ አባቶች» እየተባሉም ይቀለድባቸዋል፤ ቀልዱን ራሳቸውም ተቀብለውታል። ዋናው ፈተና የመጣው ግን ከሃያሲ አይደለም።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ጉዞው ሁሉ ቆመ። አሮን በዚያ ዓመት ከቴይለር ስዊፍት ጋር ፎክሎር የተባለውን አልበም ሠራ፤ ኋላም የዓመቱ አልበም ተብሎ ተሸለመ። በርኒንገር ግን በድባቴ ተያዘ። ራሱ በቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ግጥም መጻፍ አቃተው፤ ዜማም አልመጣለት አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሐዘን የዘፈነ ሰው፣ እውነተኛው ሲመጣ ቃል አጣ። ባንዱም ምናልባት አበቃልን ብሎ ሰጋ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። መምህሮቼ ፊት ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

በዚያው ጊዜ፣ በእኛ 2013 ዓ.ም.፣ የኮሮና ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መርዶ በስልክ ነበር የምንናገረው፤ ቤተሰብ መግባት አይችልም። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን አንስቼ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት «አቤት» አለች፤ እኔ ምንም ቃል ከአፌ አልወጣም። እሷ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች። ስልኩን ለነርሷ ሰጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰባት ወር አልሠራሁም። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበላም፣ የልጆቼን የቤት ሥራ አይቼ ምን እንደሚል አይገባኝም። በሽተኛ መጥቶ ይህን ቢነግረኝ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምርመራውን እጽፍለት ነበር። ለራሴ ግን «ደክሞኝ ነው» አልኩ። አንድ አለቃዬ፣ ክፋት አስበው አይመስለኝም፣ «አንቺ እኮ ሐኪም ነሽ» አሉኝ። ሐኪም መሆን ክትባት ነው እንዴ?

ያወጣኝ አንድ ቀን የመጣ ብርሃን አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ ደግሞ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በየሳምንቱ ቤቴ እየመጡ ቡና ጠጡ። «መቼ ትመለሻለሽ?» ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ዱቲዬን ተካፍለው ሸፈኑልኝ።

የበርኒንገርን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ፣ በ2023 ነው። የእሱም መውጫ አዝጋሚ ነበር። ጓደኞቹ ሌላ ዘፋኝ አልፈለጉም፤ ሙዚቃ እየሠሩ ጠበቁት። ቃል ሲጠፋው ከመደርደሪያ መጽሐፍ አውጥቶ የሜሪ ሼሊን ፍራንከንስታይን መጀመሪያ ገጾች አነበበ፤ ከዚያ ቃላት መምጣት ጀመሩ። ስለዚህ በሚያዝያ 2023 የወጣው አልበም ፈርስት ቱ ፔጅስ ኦፍ ፍራንከንስታይን ተባለ፤ የፍራንከንስታይን የመጀመሪያ ሁለት ገጾች ማለት ነው። መጽሐፉን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ጭራቁም የለም፣ ሳይንቲስቱም የለም። ወደ ሰሜን ዋልታ ሊጓዝ ያሰበ ሰው ከብርዱ አገር ሆኖ ለእኅቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤ ብቻ። ቃል ላጣ ሰው ጥሩ መነሻ ይመስለኛል።

ያ አልበም ቀዝቃዛ ነው ያሉ አሉ፤ እውነትም ከሕመም እንደተነሣ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ግን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ላፍ ትራክ የሚባል ሁለተኛ አልበም ጨመሩ። እዚህኛው ላይ የብራያን ከበሮ እንደ ድሮው ተመልሷል። የመጨረሻው ዘፈን ስሞክ ዲቴክተር ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል፤ የተቀረጸውም ከኮንሰርት በፊት መሣሪያ ሲፈተሽ ነው። ሰውዬው እዚያ ላይ ቃል ከቃል እያነባበረ፣ እየቀባጠረ፣ ሳያቋርጥ ይናገራል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ። ልጄ ከኋላ ወንበር «እማዬ፣ ደግሞ ማን ሞተ?» አለ። «ማንም አልሞተም፤ አንድ ሰው አፉ ተፈታለት» አልኩት።

አሁን የመጨረሻውን ልናገር። ያ ሲዲ ያሰማኝ ጓደኛችን በተመረቅን በሦስተኛው ዓመት ሕክምናውን ትቶ ሄደ። ታስታውሱታላችሁ። እንዴት እንዳወራነውም ታስታውሳላችሁ። «አልቻለም፣ ለስላሳ ነበር» ነው ያልነው። እኔም ብያለሁ። ሁለት ሞት በአንድ ሌሊት ሲነግር ከኋላው የቆምኩት እኔ፣ አንድ ቀን ደውዬ «እንዴት ሆነ?» አላልኩትም። እኔ ሰባት ወር ዝም ስል የጠበቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ እሱን የጠበቀው አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። የእንጨት ሥራ ይሠራል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ብዙ ዝም አለና «እኔ እኮ የምትደውሉ መስሎኝ ቁጥሬን አራት ዓመት ሳልቀይር ቆይቻለሁ» አለኝ። ምን ልበለው? ከዚያ ራሱ ወሬ ለወጠልኝ፤ «እነዚያ ልጆች ግን አሁንም አሉ? እኔ ከቦክሰር በኋላ አልሰማኋቸውም።» «አሉ» አልኩት፤ «አምስቱም።» ስለ እሱ እንድናገር ፈቀደልኝ፤ ስሙን ግን አይሆንም አለ። ዛሬ ጋብዤው ነበር፤ አልመጣም። እረዳዋለሁ።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሌሊት የሞተውን በሽተኛ ኬዝ ስታስቀርቡ የሞቱን ምክንያት ትጠይቃላችሁ፤ ጠይቁ፤ ያለዚያ ሐኪም አይወጣም። ጨርሶ ሊቀመጥ ሲል ግን ያንን ኢንተርን አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፤ «አንተስ እንዴት ሆንክ?»፣ «አንቺስ?» ሁለት ደቂቃ ነው። መልሱ «ደህና ነኝ» ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ ጠይቁት።

ለባቼ ልጆች ደግሞ፤ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥራችን ዝርዝር አለ። ትናንት ማታ ሳየው ሰባት ስሞች ፊት ለፊታቸው ባዶ ነው። አንዱን እኔ አግኝቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን አልጻፍኩትም፤ እሱ ሲፈቅድ ራሱ ይጽፈዋል። ስድስት ቀርተዋል። ከሻይ በኋላ ዝርዝሩን ይዤ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ስም ውሰዱ።